ከግራዝማች መኝታ በላይ

ሰኞ ነሐሴ 9 ቀን 1930 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው የአረጋውያን ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ቤቱን የሚረዳው የጽዋ ማኅበር መሪ ወይዘሮ ማናለብሽ፣ በሴቶቹ ክፍል የሚኖሩት እማማ ወለተሰንበት፣ በወንዶቹ ክፍል የሚኖሩት አባባ ገብረጊዮርጊስ፣ በጣሊያን ፖሊስ ውስጥ የሹምባሽነት ማዕረግ ያለው መርማሪ አስፋው፣ እና ከመኝታቸው ያልተነሡት ግራዝማች ሀብተ ማርያም። ግራዝማች ሞተው ነበር።

አስፋው ቀይ ቆቡን አውልቆ በብብቱ ያዘ። ይህን ቤት ያውቀዋል። ከጦርነቱ በፊት የአራዳ ዘበኛ ሳለ፣ ከሥራ መልስ እየመጣ ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን ከመረጉት የማኅበሩ ሰዎች አንዱ ነበር። ያን ጊዜ ግራዝማች ሰጪ ነበሩ። እንጨቱንም ጭዱንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጣሊያን ከገባ በኋላ መሬታቸውን ተነጥቀው፣ ልጆቻቸውን ቀብረው፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤት ገብተው ይጦሩ ጀመር።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። የአባባ ገብረጊዮርጊስ መደብ በበሩ አጠገብ ነው። የግራዝማች መደብ ግን በወዲያኛው ጥግ፣ በኋላው ግድግዳ ሥር ነበር። አስፋው ጎንበስ ብሎ አያቸው። የሞተ ሰው ፊት አይመስልም፤ ጉንጫቸው ቀልቶ ነበር። በራስጌያቸው ብርዝ የነበረበት ቅል ተቀምጧል።

«መጀመሪያ ያያቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማናለብሽ። «ውሃ ላቀርብላቸው ገብቼ ጠራኋቸው፤ አልመለሱም።»

«ብርዙን ማን አመጣው?»

«በከር ነው፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ባለ ሱቅ። እሑድ እሑድ አንድ ነገር ይዞ ሳይመጣ አይቀርም።»

«እስላም አይደለም እንዴ?»

«እስላም ስለ ሆነ የሰው ሳል አይሰማውም?» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ ክፍል በር መጋረጃ ጀርባ መጣ። እማማ ወለተሰንበት ነበሩ። «አንተ ክርስቲያኑ ምን አመጣህልን?»

አስፋው ወደ አባባ ገብረጊዮርጊስ ዞረ። ሽማግሌው ግንባራቸውን በነጠላ ጥብቅ አድርገው አስረው ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ያስመለሱበት ገበታ አለ።

«እርስዎስ ምን ሆነዋል?»

«ራሴን ነው ልጄ። ለሁለት ሊከፍለኝ ነው።»

«ሌሊት ማን ገባ?»

ሽማግሌው ወደ ማናለብሽ አየት አድርገው አቀረቀሩ። «ተኝቼ ነበር» አሉ።

«ማን እንደ ገባ ዘበኛውን ጃርሶን ጠይቀው» አለች ማናለብሽ። «ከጠዋት ጀምሮ የለም። አሁን ከጨረስክ ውጣልን። ሬሳ የምናጥብ ሰዎች ነን።»

*

«ሽማግሌው ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሊቀርብ ነበር» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ ጣሊያናዊው ካፒቴን። አስፋው ጣሊያንኛ ስለሚሰማ አስተርጓሚ አላስፈለገም። «በዱር ስላሉት ሽፍቶች የሚያውቀውን ሊነግረኝ ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። ሌሊት ሞተ። ይህ እንዲያው የሆነ ነገር ነው?»

«ሽማግሌ ነበሩ ጌታዬ። ሳልም ነበረባቸው።»

«ሳል የገደለው ሰው ፊቱ አይቀላም። አፉን ያዘጉት ሰዎች አሉ። ባለ ሱቁ ተይዟል፤ ረቡዕ ጠዋት ይሰቀላል። ቤቱም ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ ወደየዘመዶቻቸው ይሂዱ።»

«ዘመድ ስለሌላቸው ነው እዚያ ያሉት ጌታዬ።»

ካፒቴኑ ጓንቱን አነሣ። «እንግዲያውስ እስከ ረቡዕ ጠዋት ሌላ ገዳይ አምጣልኝ።»

*

በከር እጁ በሰንሰለት ታስሮ በእስር ክፍሉ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነበር። አስፋውን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ።

«ተቀመጥ» አለው አስፋው። «ማሩን ከየት አገኘኸው?»

«ከሱቄ ነው። ከዚያው እንስራ ትናንት ለስንት ሰው ሸጫለሁ። ሁሉም ሞቷል?»

«ብርዙን ሰጥተሃቸው ወጣህ?»

«ግራዝማች ቀመሱና ‹ለወለተሰንበትም ስጣት፣ ኋላ ስታማኝ ታድራለች› አሉኝ። ግማሹን በመጋረጃው በኩል ሰጠኋቸው። አባባ ገብረጊዮርጊስ ግን አልነካም አሉ። በፍልሰታ ጣፋጭ አልቀምስም ብለው ተስለዋል።»

«ስትወጣ በግቢው ዙሪያ ያየኸው ሰው ነበር?»

በከር መልስ ከመስጠቱ በፊት የአስፋውን ቆብ፣ ከዚያም ፊቱን ተመለከተ።

«ማንንም አላየሁም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? አንገትህ ነው ያለው።»

«አንገቴማ የኔ ነው» አለ በከር። «ማንንም አላየሁም አልኩ እኮ።»

አስፋው ውሸታም ሰው ብዙ አይቷል። ይህም ዋሽቷል። ለምን እንደ ዋሸ ግን አልገባውም፤ ውሸቱ ለራሱ የሚጠቅመው አልነበረም።

*

አስፋው የሚኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብዙም ሳይርቅ ነው። ማታ ሲገባ ልብሱ በዝናብ በስብሶ ነበር። ሚስቱ ተናኘወርቅ እሳቱ ዳር ተቀምጣለች። ዐይኗ አብጧል።

«ግራዝማችን ሰማሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። እኔ ለቅሶ ልሄድ አልችል። ማን ያስገባኛል?»

ማኅበሩ ተናኘወርቅን ያስወጣት ባለፈው ዓመት ነው። ማናለብሽ በሰው ፊት «የባንዳ ሚስት ከጽዋችን አትጠጣም፣ በበራችንም አትገባም» ብላት ነበር። ተናኘወርቅ ያን ቀን አልቅሳ ገባች። አስፋው ግን ደመወዙን እያሰበ ዝም አለ።

«የኔ ብርድ ልብስ የታለ?» አላት። ከፖሊስ የተሰጠው ወፍራም አመድማ ብርድ ልብስ ነበር።

«አጥቤው አልደረቀም። ነሐሴ አይደለም እንዴ?» ከሰሉን በቁራጭ እንጨት ቆሰቆሰች። «አስፋው... ብርድ ነው የገደላቸው?»

«ካፒቴኑ መርዝ ነው ይላል።»

ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች። አስፋው ለግራዝማች አዝና መሰለው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ጃርሶን ሰንጋ ተራ አገኘው። ከብት ገበያው መካከል፣ ከአንድ ቀንዳም በሬ ጀርባ ተደብቆ ነበር።

«ና ውጣ። በሬው አይሸሽግህም።»

«ጌታዬ እኔ ምንም አላደረግኩም።»

«እሑድ ሌሊት በሩ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ጃርሶ!»

«አልነበርኩም።» ራሱን አከከ። «ጠጅቱ ጠጅ ቤት ነበርኩ። መንገዱ በወታደር ሲዘጋ መመለስ ፈርቼ እዚያው አደርኩ።»

«በፍልሰታ?»

«የጠፋሁትስ ለዚያ አይደል! እትዬ ማናለብሽ ብትሰማ የናንተ ካፒቴን ከሚያደርገኝ የባሰ ነው የምታደርገኝ። ሰው ሞተ ሲሉኝ ደግሞ በኔ ምክንያት ነው አልኩ። እኔ ብኖር ገዳዩ አይገባም ነበር።» ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«የግቢውን በር ከፍተህ ነው የሄድከው?»

«ኧረ ቆልፌ! ይኸውና።» በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አሳየው። «ከሷ ጋር ካለው በቀር ሌላ ቁልፍ የለም።»

«ከማን ጋር?»

«ከእትዬ ማናለብሽ ጋር።»

አስፋው በመንገዱ ላይ ጠጅቱን ጠየቃት። ጃርሶ እዚያ ማደሩን፣ ሲያንኮራፋ ሰው እንዳስቸገረም ነገረችው። እንግዲህ ግቢው ተቆልፎ ነበር፤ ሊገባ የሚችለውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ማናለብሽ ከማኅበሩ ያስወጣቻትን ሚስቱን አሰበ። ገዳይዋ ማናለብሽ ብትሆን በልቡ ደስ እንደሚለው ሲያውቅ አፈረ።

*

እማማ ወለተሰንበት ፀሐይ ባይኖርም በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እርስዎ ደኅና አደሩ?»

«እንዳየኸኝ ነኝ።»

«ራስዎን አላመመዎትም? አላስመለሰዎትም?»

«ለምን ያመኛል?»

«እሑድ ማታ ብርዙን ጠጥተዋል?»

«ሙልጭ አድርጌ! ቅሉንም ልሼዋለሁ። ደግ ሰው ነው በከር። ነገ ልትሰቅሉት ነው አሉ።»

አስፋው ቆሞ ቀረ። እማማ ብርዙን ጠጥተው ደኅና ናቸው። አባባ ገብረጊዮርጊስ ሳይነኩት ሊሞቱ ደርሰው ነበር። እማማ ያደሩት በሌላ ክፍል ነው፤ አባባ ያደሩት ግን ከሟቹ ጋር ነው። የገደለው ቅሉ ውስጥ የነበረ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ነው።

ወደ ወንዶቹ ክፍል ገብቶ በግራዝማች መደብ አጠገብ በርከክ አለ። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሰሌን ገለጠ። ከሥሩ በሙቀት የጠቆረ ክብ ምልክት ነበር።

«አባባ፣ እዚህ እሳት ነበር።»

አባባ ገብረጊዮርጊስ ዐይናቸውን ከወለሉ አሸሹ።

«ከሰል ነው? ማን አመጣው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ ልጄ። በእመቤታችን ሱባኤ የተሰጠ ቃል ነው። አትጠይቀኝ።»

«ነገ በከር ይሰቀላል።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ብርዙን እንኳ አልተቀበልኩትም» አሉ። «ፊቴን አዞርኩበት።» ከዚያ ቀና አሉ። «ማንደጃ ነበር። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ይመጣል፤ ሰው ሳይነሣ ይወሰዳል። ማን እንደሆነ ግን ብትገድለኝ አልናገርም።»

«አይናገሩም አባባ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ማናለብሽ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ።»

ገብታ በበሩ ጥግ ተቀመጠች።

«ሰሌን ተቃጥሎ ያውቃልና በክፍል ውስጥ እሳት እንዳይገባ ማኅበሩን ያስማልኩት ራሴ ነኝ። ግራዝማች ግን በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። በሱባኤው ሰው የማያየው አንድ መልካም ሥራ እሠራለሁ ብዬ ተስያለሁ። ሰው ካየው ስለቴ ፈረሰ። ስለዚህ ሲመሽ አስገባለሁ፣ ጎሕ ሲቀድ አወጣለሁ። ትናንት ጠዋት ማንደጃውን ሳወጣ ተኝተዋል ብዬ አለፍኳቸው። በጣቴ እንኳ አልነካኋቸውም።»

«በከር ሲያዝ ለምን ዝም አልሽ?» አለ አስፋው። እንደ ታላቅ «እርስዎ» ማለቱንም ረስቶ ነበር።

«እሳቱ ነው ብዬ አላመንኩማ! ከሰል እንደሚያፍን ማን ያጣዋል? አስቀድሜ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ከመኝታቸው በላይ የጭስ መውጫ አለ። ስንት ሌሊት ነደደ፤ ምንም አላደረገም። መርዝ ነው ሲሉ መርዝ ይሁን አልኩ። ለኔ የተሻለው እሱ ነበር።»

አስፋው ወደ ላይ ቀና አለ። ያን ቀዳዳ የተወው እሱ ራሱ ነው። ግድግዳውን ሲመርጉ ግራዝማች በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ «እዚህ ላይ ጭስ መውጫ ተውልን፣ አትድፈነው» ብለውት ነበር። አሁን ከተጠላሸው ማገር መካከል የቀን ብርሃን መታየት ነበረበት። የሚታይ ብርሃን ግን አልነበረም።

ፈጥኖ ወጣ። የቤቱ የኋላ ግድግዳ ከግቢው ውጭ፣ ወደ ቀጭኗ የጓሮ መንገድ ነው የሚያየው። ዝናቡ በዚያ በኩል ስለሚመታ ጭቃው ረግፏል። ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው ተንከባሎ ያመጣው ድንጋይ አለ። አስፋው ወጣበት። ቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተወተፈ ጨርቅ ነበር። ጎትቶ አወጣው።

ወፍራም አመድማ ብርድ ልብስ ነበር። ጠርዙ ላይ ባለፈው ክረምት የሲጋራ ፍም ያቃጠለው ቦታ በቀይ ክር ተጥፏል። ያቃጠለው እሱ ነው። የጣፈችው ተናኘወርቅ ናት።

ማናለብሽ ተከትላው መጥታ ነበር። «የማን ነው?» አለችው።

«የኔ ነው። ተናኘወርቅ ናት ያመጣችው።»

ማናለብሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ግራዝማች ‹ትግባ፣ እሷ ምን አደረገች?› ብለውኝ ነበር» አለች። «እንዳትገባ ያልኩት እኔ ነኝ።»

*

ተናኘወርቅ ብርድ ልብሱን በእጁ ስታይ ቆማ የነበረችው ተቀመጠች።

«በጓሮ ሳልፍ ሲያስሉ እሰማ ነበር» አለች። «ዝናቡ በቀዳዳው እየገባ መኝታቸው ላይ ነበር የሚወርደው። እሑድ ማታ አንጀቴ አልቻለም። ለሱባኤዬም ይሆነኛል፣ ሰውም አያየኝም አልኩ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ወተፍኩት። ከውስጥ ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ማነሽ?› አሉኝ። ስሜን ሳልናገር ሮጥኩ።»

አስፋው ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አኖረው።

«ምነው? ብርዱ ቀድሞ ገደላቸው እንዴ? ዘግይቼ ነው?»

ሊዋሻት ፈለገ። አልቻለም። ማንደጃው እንደ ነበር፣ ጭሱ መውጫ እንዳጣ፣ ማናለብሽም ቀዳዳው መደፈኑን እንዳላወቀች ነገራት። ሁለት እጆቿን ገልብጣ መዳፏን ብቻ ታይ ነበር።

«ልሂድና ልናገር» አለች። «እስላሙ ሰውዬ በኔ አይሙት።»

«አትሄጂም።»

«ገደልኩ እኮ አስፋው!»

«በበር ብትገቢ ኖሮ እሳቱን ታዪው ነበር። በበር የተከለከልሽው በምንድን ነው?» ቆቡን አውልቆ እግሯ አጠገብ መሬት ላይ ጣለው። «በዚህ ነው። ስትከለከዪም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ይዞ ወጣ።

*

ካፒቴኑ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ። አስፋው ስለ እማማ ወለተሰንበት፣ ስለ አባባ ገብረጊዮርጊስ፣ ስለ ጠቆረው ወለል፣ ከሰል ያፈነው ሰው ፊቱ ስለ መቅላቱም ተራ በተራ ነገረው። ማንደጃውን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው ያነደዱት አለ። የማናለብሽን ስም አላነሣም።

«ቀዳዳውን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንተ? ለምን?»

«ዝናብ እየገባባቸው ነበር።»

«ስትመረምር የነበርከው አንተ አይደለህም? ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

ካፒቴኑ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ የመንግሥቱን ማኅተም ፈለገ፤ በአንዱ ጥግ አገኘው። ስለ ሟቹ ሲነገረው ያልተቆጣ ሰው አሁን ፊቱ ጠቆረ።

«የመንግሥት ንብረት» አለ። «የመንግሥትን ብርድ ልብስ በለማኝ ቤት ቀዳዳ ወተፍከው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ማዕረጉን ግፈፉት» አለ ካፒቴኑ በሩ ላይ ለቆመው ወታደር። «ያን ባለ ሱቅም አውጡት፤ እሱን የምንቀልብበት እንጀራ የለንም።»

በኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ተገናኙ፤ አንዱ ሲወጣ፣ ሌላው ሲገባ። በከር የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ።

«አይተሃታል» አለው አስፋው በቀስታ። «እሑድ ማታ፣ በጓሮው በኩል። አይተሃታል።»

«ድንጋይ ስታንከባልል አይቻታለሁ» አለ በከር። «ምን እንደምታደርግ ግን አላወቅኩም። ተሸፋፍና ነበር። ተደብቆ የሚሰጥን ሰው እንዴት አድርጌ ለፖሊስ ልናገር? ያውም ላንተ?»

ወታደሩ አስፋውን ገፋ አደረገው።

*

በከር ማክሰኞ ከመምሸቱ በፊት ወደ ጠመንጃ ያዥ ተመለሰ። አስፋው የመንግሥት ንብረት በማባከን ተፈርዶበት አቃቂ እስር ቤት ገባ። የአረጋውያኑ ቤት አልተዘጋም። ማናለብሽና ተናኘወርቅ ለንስሐ አባታቸው ነገሩ፤ ሁለቱም በዚያ ፍልሰታ አልቆረቡም። ነሐሴ 16 ቀን ማናለብሽ ወደ አስፋው ቤት ሄዳ ተናኘወርቅን ይዛት መጣች። ተናኘወርቅ በፊት በር ገባች፣ የግራዝማችን መደብ ጠረገች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሽማግሌ ተኛበት።